ከአስፋልቱ በታች ያለው ላምበረት

ጉድጓዱ እስከ ሰው ደረት ድረስ ጠልቋል። ስካቫተሩ ክንዱን አጥፎ ዳር ቆሟል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የእጅ ነው። ሁለት ወጣቶች ቦቲ ጫማ አጥልቀው ታች ገብተዋል፤ አንዱ በአካፋ ጭቃ ያወጣል፣ ሌላው በባልዲ ውሃ ይቀዳል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከአዲስ አበባው ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ፣ ረዳቶች «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!» እያሉ ይጣራሉ። በግማሽ የተዘጋው መንገድ ላይ ሚኒባስ፣ ሲኖትራክና የከተማ አውቶቡስ ተራ ይሻማሉ።

የጉድጓዱ ግድግዳ ለሚያስተውለው ብዙ ይናገራል። ከላይ አስፋልት አለ፤ ከሥሩ ሌላ አሮጌ አስፋልት። ቀጥሎ የተፈጨ ጠጠር፣ ከዚያ ገረጋንቲ፣ ከገረጋንቲው በታች የኮረብታው ቀይ አፈር። በዚህ ሁሉ መሀል በተለያየ ዘመን የተቀበሩ ነገሮች ተሻግረው ይታያሉ፦ የዛገ የብረት ቱቦ፣ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ፣ ኬብል፣ ማን መቼ እንዳስቀመጠው የቆፈሩትም የማያውቁት የሲሚንቶ ቱቦ። ውሃው ከአንዱ ጥግ ቀስ እያለ ይመነጫል። ሲቀዱት ያልቃል፤ ዞር ሲሉ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል።

ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ከተመልካቹ መሀል ወጣ ብለው ፎርማኑን ጠየቁት። «ልጄ፣ ይሄ የማን ውሃ ነው?»

«እሱ ቢታወቅማ አባባ፣ መች እንዲህ እንቆፍር ነበር።»

ተመልካቹ ሳቀ። አዛውንቱ ግን አልሳቁም፤ ጥያቄያቸውም የሚሳቅበት አይደለም። በአዲስ አበባ መንገድ ሥር ሦስት ዓይነት ውሃ ይሄዳል፤ ባለቤቱም አንድ አይደለም። የመጠጥ ውሃው መስመርና ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ መስመር የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ዲች፣ ቱቦና ካልቨርት የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ነው። ውሃው ወንዝ ከገባ በኋላ ጉዳዩ ወደ ወንዝ ዳርቻ ልማትና ወደ አካባቢ ጥበቃ ይዞራል። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኑና ከጎኑ ያለው ትንሽ ቦይ ደግሞ ብዙ ቦታ በወረዳው አስተባባሪነትና በነዋሪው መዋጮ የተሠራ ነው። ነዋሪው ይህን ክፍፍል አያየውም። እሱ የሚያየው በሩ ላይ የሚሄድ ጥቁር ውሃ ነው፤ ደውሎ ሲያመለክትም «ይሄ የኛ አይደለም» የሚል መልስ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ መልሱ እውነት ነው፤ የሚያናድደውም እውነት መሆኑ ነው።

ከተማዋ ሁለቱን ቆሻሻ ውሃዎች ለየብቻ ለመምራት ወስናለች። የዝናብ ውሃ በራሱ መስመር በአቅራቢያው ወዳለ ወንዝ ይሄዳል፤ ማጣሪያ አያስፈልገውም ተብሎ ይታሰባልና። የቤት ፍሳሽ በሌላ መስመር ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ሐምሌ የሚያወርደውን ውሃ ሁሉ ወደ ማጣሪያ መላክ የሚችል ከተማ የለም። ችግሩ ውሃው ይህን ውሳኔ አለማክበሩ ነው። ጣሪያው ላይ የወረደውን ዝናብ በአሸንዳ ሰብስቦ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር የሚያገናኝ ቤት አለ፤ የሽንት ቤቱን ትርፍ ወደ ጎርፍ መውረጃው የሚለቅ ቤትም አለ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ የማንሆል ክዳን እያስነሣ ፍሳሽ መንገድ ላይ ይዘረግፋል። ሁለተኛው በጋ ላይ መድረቅ የነበረበትን ዲች ዓመቱን ሙሉ ያገማዋል።

ላምበረት ላይ ይህ ሁሉ የሚበረታበት ምክንያት አቀማመጡ ነው። ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የየካ ኮረብታ አለ፤ ከዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ያለበት፣ የእንጦጦ ሰንሰለት የምሥራቁ ክንድ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በከተማዋ ደቡብ ያለው አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። በአንድ ከተማ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አለ ማለት ነው። ከመገናኛ ተነሥቶ በላምበረት፣ በወሰንና በኮተቤ አድርጎ ወደ ካራ የሚዘልቀው፣ ድሮ ወደ ደሴ መውጫ የነበረው መንገድ፣ የኮረብታውን እግር ተከትሎ ወደ ጎን ይሄዳል። ከላይ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። መንገዱና ውሃው በያንዳንዱ ሸለቆ ላይ ይገናኛሉ፤ የሚተላለፉበት ካልቨርት ከጠበበ ወይም ከተደፈነ ውሃው አስፋልቱን ራሱን መውረጃ ያደርገዋል።

ስሌቱን ማንም በጣቱ ሊሠራው ይችላል። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። አሥር ሚሊ ሜትር፣ ማለትም አንድ ጥሩ የሐምሌ ከሰዓት ዶፍ፣ አንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ አሥር ሺህ ሊትር የሚጭኑ አሥር ቦቴዎች። መቶ ሄክታር የሆነ ቁልቁለት ከዚያ ግማሹን ብቻ ወደ ታች ቢለቅ 500 ቦቴ ይሆናል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ላምበረት ላይ 500 ቦቴ መጥቶ ሲዘረገፍ ማሰብ ነው።

ኮረብታው ግማሹን ይለቃል ወይ? ድሮ ይህን ያህል አይለቅም ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ከመራቆት አውጥቶታል፤ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት እንደ ቀደሙት መናገሻዎች ተነቅላ ወደ ሌላ ቦታ ያልሄደችው በሱ ምክንያት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን የባሕር ዛፍ ደን ሥሩ ባዶ ነው። ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም አያበቅልም፤ የሚረግፈው ቅጠል ደግሞ ተጠርጎ፣ ተጠቅልሎ፣ በእናቶችና በሴት ልጆች ጀርባ ወደ ከተማ ለምጣድ ይወርዳል። ያ ቅጠል መሬት ላይ ቢቆይ ኖሮ ዝናቡን ያዘገየው ነበር። ማንም ግን ቅጠል ተሸካሚዋን እናት ተጠያቂ ማድረግ አይገባውም፤ እንጀራዋ ነው፤ የብዙዎቻችንም እንጀራ በዚያ ቅጠል ተጋግሯል። የበለጠ ያከፋው ከደኑ በታች የመጣው ነው፦ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ግቢ፣ ኮብልስቶን፣ አስፋልት። አፈር ሲጠጣው የነበረውን ውሃ ጣሪያ አይጠጣውም። ከየካ ተራራ ሥር እስከ ኮተቤ ያለው ሰፈር በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከእርሻና ከግጦሽ ወደ ሙሉ ከተማ ሲለወጥ፣ ውሃው የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ብዙ ቦታ ያኔ በተቀበሩበት ስፋት ቀርተዋል።

አዲስ አበባ ውሃ ማስገባት የተማረችው ውሃ ማስወጣት ከመማሯ በፊት ነው። በምኒልክ ዘመን ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል በቱቦ ውሃ ወደ ቤተ መንግሥት ባስገባ ጊዜ ከተማው እንደ ተአምር አይቶት ነበር። ለመንገድም ቢሆን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ አስመጥቶ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሲጠራው፣ ጉዳዩ የአገር ወሬ ነበር። ለፍሳሽ ግን እንዲህ ያለ ታሪክ የለንም። ማንም ንጉሥ የፍሳሽ ቱቦ መረቀ ሲባል አልሰማንም። የከተማዋ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ1963 ዓ.ም ራሱን ችሎ በሕግ ሲቆም፣ ፍሳሹ በስሙ ውስጥ ቢኖርም በመሬት ላይ ገና አልነበረም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ሁነኛ የፍሳሽ መስመርና በቃሊቲ የተሠሩት የማጣሪያ ኩሬዎች የደርግ ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ ኩሬዎቹ የታቀዱት በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲቀበሉ ነበር። ከተማው ሚሊዮኖች ደርሶ እንኳ ለብዙ ዓመታት በዚያ ቆየ። በ2010 ዓ.ም አካባቢ በዓለም ባንክ ድጋፍ እዚያው ቃሊቲ ላይ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ ተሠርቶ ሥራ ጀመረ። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ ባንኩ ለአዲስ አበባና ለሌሎች 22 ከተሞች የውሃና የንጽህና ሥራ 445 ሚሊዮን ዶላር አጽድቆ ነበር። እንደ የካ አባዶ ባሉ ትልልቅ የኮንዶሚኒየም መንደሮችም የየራሳቸው ማጣሪያ ተተክሏል።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ማጣሪያ ጣቢያ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ከላምበረት ጓዳ የወጣውን ውሃ እዚያ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ዋናው መስመር ተቀብሮ እንኳ ከያንዳንዱ ግቢ የሚወጣው ቅጥያ ካልተገናኘ ጣቢያው ውሃ አያገኝም። ቅጥያውን ማገናኘት ደግሞ ጓሮ መቆፈር፣ የጎረቤት አጥር ማንሣት፣ ኮብልስቶን መንቀል ነው። በከተማዋ የሚበዛው ቤት ዛሬም የሚጠቀመው የጉድጓድ ሽንት ቤት ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው። ሲሞላ ቦቴ ይጠራል፤ ቦቴው መጥጦ ይወስዳል። ለረጅም ዘመን እነዚህ ቦቴዎች የሚደፉባቸው ሁለቱ ቦታዎች ቃሊቲና እዚሁ የላምበረት ጎረቤት የሆነው ኮተቤ ነበሩ፤ የኮተቤው ዝቃጭ ማድረቂያ ዛሬ ዙሪያውን ሰፈር ከቦታል።

ቦቴ የማይገባበት ቤትስ? ከላምበረት ዋና መንገድ ወደ ኮረብታው የሚወጡት ቅያሶች ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ አሉ። የቦቴው ጎማ ቱቦ የተወሰነ ርዝመት አለው፤ ወረፋም አለ፣ ክፍያም አለ። ስለዚህ አንዳንዱ ሰማዩ ሲጠቁር ይጠብቃል። ዶፉ ሲጀምር ክዳኑን ከፍቶ ለጎርፍ ይሰጠዋል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም። ቅጣት ቢጻፍበት አይገርምም፤ ነገር ግን ቅጣት ብቻውን ቱቦ አይዘረጋም። ወንጀለኛ ከማለታችን በፊት ለዚያ ቤት ሌላ ምን መንገድ ተሰጥቶት ነበር ብለን መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል።

በ2008 ዓ.ም ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) አዲስ አበባ ገብቶ ከተማው ሁሉ ጥሬ ሥጋና ጥሬ አትክልት ሲሸሽ የነበረበትን ጊዜ ብዙዎቻችን አንረሳውም። አተት የሚጓዘው እንዲህ ፍሳሽ በተቀላቀለበት ውሃ ነው። ከየካና ከእንጦጦ ወደ ከተማው የሚወርዱት ጅረቶች ሁሉ በስተመጨረሻ ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባሉ፤ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። በመንገዱ ላይ ሰላጣው፣ ቆስጣውና ጎመኑ ይህንኑ ውሃ ይጠጣል፤ ተሰብስቦም ወደ ከተማው ገበያና ጉሊት ይመለሳል። የፍሳሽ መስመር የሰፈር ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የእንግሊዝ ፓርላማ አባላት ለለንደን ፍሳሽ ገንዘብ ለመፍቀድ የቸኮሉት በ1858 እ.ኤ.አ. የቴምዝ ወንዝ ሽታ ራሳቸው ስብሰባ አዳራሽ ድረስ ከገባ በኋላ ነው። የኛ አዳራሾች ከወንዞቻችን ትንሽ ራቅ ይላሉ።

አሁን ወደ መንገዱ። ሰው አስፋልትን የሚያበላሸው የከባድ መኪና ክብደት ይመስለዋል። ክብደቱ ድርሻ አለው፤ ግን ደረቅ መንገድ ብዙ ይችላል። መንገድን የሚገድለው ውሃ ነው። አስፋልቱ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይኖራል፤ ውሃ ይገባል፤ ከሥሩ ያለው ጠጠርና ገረጋንቲ ይርሳል። የሲኖትራክ ጎማ ባለፈ ቁጥር ያንን እርጥብ ንብርብር ይጫነዋል፤ ውሃው ደቃቁን አፈር ይዞ በስንጥቁ ወደ ላይ ይተፋል። እንዲህ እያለ ከሥር ባዶ ይሆናል፤ አንድ ቀን አስፋልቱ ይሰምጣል። ከላይ የምናየው ጉድጓድ የተወለደው ከሳምንታት በፊት፣ ከታች ነው። የሚያንጠባጥብ የመጠጥ ውሃ ቱቦ ካለ ደግሞ ዝናብም አያስፈልገውም፤ በጋ ለበጋ ሥራውን ይሠራል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው የመጠጥ ውሃ ወደ ከተማ የሚገባው በዚሁ በምሥራቁ በኩል ነው፤ እንዲህ ያለ መስመር ባለበት ሰፈር ማንኛውም ቁፋሮ በጥንቃቄ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ትክክለኛ ጥገና ረጅም ነው። የተበላሸው ቦታ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል፤ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይወጣል፤ ውሃው ከየት እንደመጣ ተፈልጎ ይዘጋል ወይም መውጫ ይሰጠዋል። ከዚያ ገረጋንቲው በስስ በስሱ እየተደፋ፣ እያንዳንዱ ንብርብር እየተዳመጠ ይሞላል። በመጨረሻ ሬንጅ ተቀብቶ አስፋልት ይለብሳል። እኛ ብዙ ጊዜ የምናየው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ላይ ትኩስ አስፋልት ተደፍቶ በአካፋ ጀርባ ሲደበደብ። እንዲህ የተጠገነ ቦታ እስከሚቀጥለው ዶፍ ይቆያል። የመኪና ሹፌሮች ይህን ከመሐንዲስ እኩል ያውቁታል፤ ጎማቸው ነው የሚከፍለው።

የፍሳሽ መስመር ጥገና ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ፍሳሽ በአብዛኛው የሚሄደው በስበት ነው፤ የሚገፋው ሞተር አይደለም። ቱቦው በቂ ቁልቁለት ኖሮት ውሃው በሰከንድ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልሄደ ደቃቁ ይዘቅጣል፣ መስመሩም ራሱን አያጸዳም። ላምበረት ቁልቁለት አይጎድለውም። የሚጎድለው ቱቦው ውስጥ መግባት የሌለበት ነገር እንዳይገባ ማድረግ ነው። ሠራተኞቹ በአካፋ የሚያወጡትን ያየ ሰው ስለ ሰፈሩ ኑሮ ሙሉ ታሪክ ያገኛል፦ ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ጨርቅ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የጫት ገረባ፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋና ሲሚንቶ፣ የረጋ የምግብ ቤት ቅባት። የማንሆሉ ብረት ክዳን ሲሰረቅ ደግሞ በሩ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ክዳኑ በኪሎ ተሽጦ ለአንድ ሰው የጥቂት ቀን ወጪ ይሸፍናል፤ ክፍቱን ሰፈሩ በቅርንጫፍ፣ በአሮጌ ጎማ፣ አንዳንዴ ቀይ ጨርቅ በታሰረበት እንጨት ይሸፍነዋል። ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ ለእግረኛ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻም።

ከነዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ግን ማንሆል ውስጥ የሚወርደው ሰው ነው። የታፈነ ፍሳሽ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል። በትንሹ ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። በብዛት ሲሆን የማሽተት ችሎታን ራሱን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብሎ የተዘናጋ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም ይከተለዋል። ስለዚህ ክዳኑ አስቀድሞ ተከፍቶ አየር መግባት አለበት፣ ጋዙ መለካት አለበት፣ የሚወርደው ሰው በገመድ ታስሮ ላይ ያለ ሰው ሊጠብቀው ይገባል። ከፍተኛ ግፊት ባለው ውሃ መስመሩን የሚጠርጉ መኪኖች የተሻሉት ፈጣን ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ሰው እንዳይወርድ ስለሚያደርጉም ነው። የከተማ ሥራ ዜና ላይ ግን ስለዚህ ሰው ደህንነት የሚጻፍ አንብቤ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ዜናው ካነሣሁ፣ የአዲስ አበባ የመንገድና የፍሳሽ ሥራ መግለጫ የራሱ ልማድ አለው። አፈጻጸሙ በመቶኛ ይነገራል። የተነጠፈው አስፋልት በኪሎ ሜትር፣ የተጸዳው የጎርፍ መውረጃ በኪሎ ሜትር ይገለጻል። ለመዘግየት ምክንያት ከተፈለገ የወሰን ማስከበር ችግር ይጠቀሳል፤ በመንገዱ መስመር ላይ ያለ ቤት፣ የመብራት ምሰሶ፣ የውሃ ቱቦ ወይም የቴሌ መስመር አልተነሣም ማለት ነው። የከተማ መንገዶች ባለሥልጣን በ1990 ዓ.ም ከተቋቋመ ወዲህ የተሠራውን መንገድ ማንም አይክድም፤ በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚደረገውም የቱቦ ጽዳት እውነተኛ ሥራ ነው። ነገር ግን ላምበረት ላይ የሚኖር ሰው ከከተማ አጠቃላይ ኪሎ ሜትር ምን ያደርጋል? እሱ ማወቅ የሚፈልገው ከወሰን ሰፈር በላይ ያለው ካልቨርት ተከፍቶ እንደሆነ፣ ከተከፈተም የወጣው ደለል ተጭኖ ሄዶ እንደሆነ ነው። ደለሉ ዳር ተከምሮ ሰንብቶ በመጀመሪያው ዝናብ ወደወጣበት ቱቦ ሲመለስ ማየት ያልሰለቸው የአዲስ አበባ ሰው የለም።

የተነጠፈ መንገድ በወሩ ሲቆፈር ማየትም እንዲሁ። መንገድ ሠሪው ይጨርሳል፤ ውሃ ይመጣል፤ ቴሌ ይመጣል፤ መብራት ይመጣል። ሁሉም ፈቃድ አለው፣ ሁሉም ለመመለስ ቃል ይገባል። መንግሥትም ይህን አውቆ በ2006 ዓ.ም የመሠረተ ልማት ሥራዎችን የሚያቀናጅ ኤጀንሲ በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ አቋቁሞ ነበር። ቅንጅት ግን በአዋጅ አይመጣም፤ የሚመጣው በጀቱ፣ ካርታውና የጊዜ ሰሌዳው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው። ከሁሉ በፊት ካርታው። መሬት ውስጥ ምን የት እንዳለ የሚያሳይ፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት አንድ ካርታ በሌለበት፣ ስካቫተሩ እንደ ዓይነ ስውር ነው የሚሠራው።

በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዚህ ረገድ አንድ ነገር አሳይቷል። ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ ባለው መስመር ላይ መንገዱ፣ የእግረኛው መሄጃ፣ የጎርፍ መውረጃው፣ የመብራቱና የቴሌው መስመር በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ትእዛዝ ተሠራ። ይቻላል ማለት ነው። የከፈልነው ዋጋ ደግሞ አለ፤ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎችም ቦታዎች የተነሡት ሰዎች፣ የፈረሱት ሱቆችና የተበተኑት ዕድሮች ከሒሳቡ ውጭ ሊሆኑ አይችሉም። ለላምበረት ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ዋናው መንገድ ዳር የተቀበረው ንጹሕ ቱቦ ከላይ ከኮረብታው ከሚመጣው ቅያስ ጋር ካልተያያዘ፣ ውሃው ወደ ቱቦው ሳይሆን ወደ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ይመጣል። ቁልቁለት ያለበት ከተማ ከታች ወደ ላይ እየተዋበ አይስተካከልም። ወንዞቹም እንዲሁ ናቸው። «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም ሲጀመር ዕቅዱ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ማልማት ነበር፤ ገንዘብ ለማሰባሰብም በዚያው ዓመት ግንቦት ለአንድ ገበታ 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት እራት ተዘጋጅቷል። ዳርቻውን ማልማት መልካም ነው፤ ወደ ወንዙ የሚገባው የቤት ፍሳሽ ሳይቆም ግን ከድንጋይ ንጣፉ አጠገብ የሚያልፈው ውሃ ያው ነው።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም በከተማዋ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ከእንዲህ ያለው አደጋ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ይታወቃል፤ ሐዘን መግለጫ፣ ጉብኝት፣ የአስቸኳይ ጊዜ ግብረ ኃይል። የአደጋው ግማሽ ግን በቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፎ ያለ ነው፤ ይህንንም ከበጀት ጋር ሳያያይዙ መናገር አይቻልም። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ገንዘቡ የሚፈቀደው ሰማይ በሚቀደድበት ወር ነው። ጨረታ ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ፣ ለሥራ ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያ ተከፍሎ፣ ወሰን ተከብሮ እስኪያልቅ መስከረምና ጥቅምት ያልፋሉ፤ አፈሩ ደርቆ ለቁፋሮ የሚመቸው ወቅት ይጋመሳል። ስካቫተሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው የካቲትና መጋቢት ላይ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ በጀቱ ሳይዘጋ ይድረስ ተብሎ ቀን ከሌት ይሮጣል። ያን ጊዜ የተከፈተ ቦይ ዝናብ ይገባበታል፤ ያን ጊዜ የተሞላ ጉድጓድ በቅጡ ሳይዳመጥ አስፋልት ይለብሳል። ሠራተኛው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ወሩ ነው።

ይህን ለማስተካከል አዲስ መሥሪያ ቤትም አዲስ አዋጅም አያስፈልግም። ላምበረትን፣ ወሰንንና ኮተቤን ለሚመስሉ የኮረብታ እግር ሰፈሮች የጥገና ውሉ ከአንድ ዓመት በላይ የሚዘልቅ ቢሆን፣ ዲዛይኑና ጨረታው በክረምት ቢያልቅ፣ የመስቀል ደመራ አመድ ሳይቀዘቅዝ ቁፋሮው ቢጀመር፣ የውሃና የመንገድ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ጉድጓዱን አንድ ጊዜ ብቻ ለመክፈት ቢፈራረሙ፣ ሰኔ ላይ የሚቀረው ሥራ ካልቨርት መፈተሽና ክዳን መቁጠር ብቻ ይሆናል። መግለጫውም ከዚያ በኋላ ሰኔ 15 ላይ ቢወጣ በቂ ነው፤ የትኛው ቅያስ ላይ ምን እንደተከፈተ፣ ምን እንደቀረና ለቀረው የሚደወለው ለማን እንደሆነ፣ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በአንድ ገጽ።